ጣርማ በር ላይ የሚጨስ የናፍጣ ሞተር፦ ፖምፓውን ከማስፈታት በፊት

አልጋና ማብሰያ የተገጠመለትን የናፍጣ መኪና ይዞ ሸዋ ሮቢት ያደረ ሰው፣ በማግስቱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ፣ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ተበላሽቷል ብሎ መቸኮል የለበትም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ በተለይ ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ አየር አያገኝም። እንዲህ ሲሆን ማርሽ መቀነስና ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ አለመርገጥ ይበቃል።

ጭሱ ቆላ ወርደውም ካልጠፋ ግን ብልሽት አለ ማለት ነው። በቅድሚያ የአየር ፊልትሮው ይታይ፤ የመንዝን አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ብቻውን ሞተር ያፍናል። እኔ ራሴ ፖምፓ አስወርጄ ገንዘብ ከከፈልሁ በኋላ ጥፋተኛው ይኸው ፊልትሮ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀጥሎ የቱርቦው ጎማ ቱቦዎች እንዳልተሰነጠቁ ይፈተሽ፤ ከዚያ ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎች፣ ፖምፓው በመጨረሻ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩ ሲነሣ ነጭ ጭስ አውጥቶ በጥቂት ደቂቃ ከጠራ፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን መጠርጠር ይገባል። የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ በባትሪው ፖዘቲቭና በካንዴላው ጫፍ መካከል መፈተሻ አምፖል ሲያገናኙ አምፖሉ ካልበራ ካንዴላው ተቃጥሏል። ጭሱ ሳይጠራ የራዲያተሩ ውሃም የሚቀንስ ከሆነ ግን ነገሩ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል ጉዞውን ማቆም ይሻላል። ጣርማ በር ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ሳይዘገይ መለወጥ አለበት፤ ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ግን ፊት ያቃጥላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል።

አልጋና ማብሰያ ያለው መኪና ለወራት ስለሚቆም ትልቁ ጠላቱ ናፍጣው ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ነው። ከማቆም በፊት ታንኩን መሙላት፣ ከማንቀሳቀስ በፊት ደግሞ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ ከፍቶ፣ በእጅ ፓምፑ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። በመንዝ ደጋ ባለው ጓሳ ለማደር ያሰበ ሰው ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ራዲያተሩን በተራ ውሃ ሳይሆን እኩል በተቀላቀለ አንቲፍሪዝና ውሃ ሞልቶ ይውጣ።