ማስተርስ ወይ ፒኤችዲ ልትማሩ ነው? ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት የትምህርቱን ዓይነት እንዴት ትመርጣላችሁ (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ይዘን)

የማመልከቻ ሰሞን ሲደርስ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው የትኛው ዲፓርትመንት ይሻላል ብሎ ነው፣ ከዛ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን በምን መልክ ነው የምማረው የሚለው ነው። ያው አንድ ስም ያለው ማስተርስ በሬጉላር ሲማሩትና በማታ ሲማሩት፣ በቲሲስ ሲጨርሱትና በፕሮጀክት ሲጨርሱት ኋላ ላይ የሚያስገባችሁ ቦታ ይለያያል፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ ደሞ ይሄን የሚሰማው ሁለት ዓመት ለፍቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚነግረው ሰው ቢኖር ምንም የማይከብድ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ምሳሌ የማደርገው ሁሉም ዓይነት ፕሮግራም እዛ ስላለ ነው። በ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ፣ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው ግን በፈረንጆቹ 1978 ነው፣ ፒኤችዲ ደሞ በዚያው በፈረንጆቹ በ1987 ተጀመረ። ጎንደርም ጅማም ባህር ዳርም ሀዋሳም ብትሄዱ አሠራሩ ብዙ አይራራቅም፣ ዝርዝሩን ግን እዛው ዲፓርትመንቱን መጠየቅ ነው።

ከማስተርስ እንጀምር። ኤምኤ፣ ኤምኤስሲ፣ ኤምቢኤ፣ ኤምፒኤች፣ ለህግ ኤልኤልኤም፣ እነዚህ ሁሉ ሁለተኛ ዲግሪ ናቸው፣ አብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፣ መጀመሪያ ኮርስ ትወስዳላችሁ ከዛ ጥናት ትሠራላችሁ። ዋናው ልዩነት ያለው አጨራረሱ ላይ ነው። የቲሲስ ከሆነ የራሳችሁን ጥያቄ ይዛችሁ፣ ዳታ ሰብስባችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ፈታኞች ፊት ቆማችሁ ዲፌንድ ታደርጋላችሁ። ያለ ቲሲስ ከሆነ ተጨማሪ ኮርስ ትወስዱና አነስ ያለ ፕሮጀክት ሠርታችሁ ትጨርሳላችሁ። ፕሮጀክት ማለት የማይረባ ማለት አይደለም፣ ባንክ ወይ ኤንጂኦ ወይ ኮንስትራክሽን ድርጅት ውስጥ ላለና እድገት ለሚፈልግ ሰው በቂ ነው፣ እንደውም ጊዜ ይቆጥብለታል። ግን ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ወይ ፒኤችዲ መማር በትንሹም ቢሆን ሀሳባችሁ ውስጥ ካለ ቲሲስ ያለውን ያዙ፣ እዚህ ላይ አላወላውልም። ፒኤችዲ የሚቀበሏችሁ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ምርምር ሠርታችሁ ታውቁ እንደሆነ ነው፣ ውጭ ሀገር ስኮላርሺፕ ስትሞክሩም ይሄው ጥያቄ ይመጣል። አንዳንድ ዲፓርትመንት ሁለቱንም ይሰጣል፣ ስለዚህ ስትመዘገቡ ቅጹ ላይ የትኛው እንደተሞላ በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ የሰዓት ጉዳይ ነው። ሬጉላር ቀን ነው፣ ሥራ ይዞ መማር ከባድ ነው ግን ከመምህሩም ከላይብረሪውም ጋር ቅርብ ትሆናላችሁ። ኤክስቴንሽን ማታ ከሥራ በኋላ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥም አለ፣ ክረምት ላይ የሚሰጠው በብዛት ለመምህራን ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ታምቆ ነው የሚሰጠው። ርቀትም አለ፣ እሱን የምመክረው ራሱን በደንብ ለሚያዝ ሰው ብቻ ነው። ማታ ለመማር ያሰባችሁ ግን አንድ ነገር አስቡ፣ የትኛው ካምፓስ ነው? ሶሻል ሳይንስና ህግ ስድስት ኪሎ ነው፣ ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ጤና ጥቁር አንበሳ፣ ህንፃ ኮሌጅ ልደታ፣ ኮሜርስ ሜክሲኮ ጋ ሰንጋ ተራ፣ እንስሳት ህክምና ደሞ ቢሾፍቱ ድረስ ነው። ሥራችሁ ቃሊቲ ሆኖ ክላሳችሁ ስድስት ኪሎ ከሆነ በዛ የታክሲ ሰልፍ በየቀኑ የመጀመሪያው ሰዓት ያመልጣችኋል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም ሰው በዚህ ምክንያት ያቋርጣል።

ፒጂዲቲ የሚባለውን ከማስተርስ ጋር የሚያምታታ ብዙ ሰው ስላለ በአጭሩ ልበል። አፕላይድ (የማስተማር ሥልጠና የሌለበት ዲግሪ) ተምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ለሚፈልግ የሚሰጥ የማስተማር ዲፕሎማ ነው፣ ድህረ ምረቃ ይባላል ግን ሁለተኛ ዲግሪ አይደለም። ለመምህርነት ጥሩ ነው፣ ማስተርስ መስሏችሁ ግን እንዳትገቡ።

ሐኪሞች ደሞ ለብቻቸው መንገድ አላቸው። ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆናችሁ ስፔሻላይዝ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሬዚደንሲ ነው፣ መግቢያው በሀገር አቀፍ ፈተናና በምደባ ነው እንጂ እንደ ማስተርስ ዲፓርትመንት ሄዶ ማመልከት አይደለም። ውስጥ ደዌና ሕፃናት 3 ዓመት ነው፣ ኒውሮሰርጀሪ 5 ዓመት፣ ሌሎቹም በአብዛኛው ከዚህ አይወጡም፣ ከዛ በላይ ሰብ ስፔሻሊቲ አለ። ሬዚደንት ማለት ተማሪም ሠራተኛም ነው፣ ዲዩቲ አድሮ ጠዋት ራውንድ ላይ ኬስ የሚያቀርብ ሰው ነው፣ ስለዚህ ቤተሰብ ያላችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የሕዝብ ጤና ማለትም ኤምፒኤች የሚያስቡ ሐኪሞችም አሉ፣ እሱ ሌላ ሕይወት ነው፣ ከበሽተኛው አልጋ ወደ ፕሮግራምና ዳታ ነው የሚወስዳችሁ። ሬዚደንሲ ስላልደረሰኝ ኤምፒኤች ልማር ብሎ መግባት ጥሩ ውሳኔ አይመስለኝም፣ ሕዝብ ጤና የራሱ ፍቅር ይፈልጋል።

ፒኤችዲ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ሀገር ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ ኮርስና ምርምር ያለው ሌላው በምርምር ብቻ የሚሠራ። ኮርስ ያለው ላይ መጀመሪያ ዓመት አካባቢ ኮርሶች አሉ፣ ከዛ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባል አጠቃላይ ፈተና፣ ከዛ ፕሮፖዛል ዲፌንስ፣ ይሄን ስታልፉ ነው ካንዲዴት የምትባሉት። ወረቀት ላይ 4 ዓመት ነው ግን የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የትምህርቱ ክብደት አይደለም፣ አንደኛ፣ አድቫይዘር (የሚያማክራችሁ መምህር) በሥራ ብዛት ወይ በጉዞ አይገኝም፣ ሁለተኛ የምርምር ገንዘብ በሰዓቱ አይለቀቅም፣ ሦስተኛ ጆርናል ላይ ማሳተም ሲጠየቅ አንድ አርቲክል ከተላከበት ቀን እስከሚወጣ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የማሳተም ግዴታ ካለ ስንት አርቲክል ነው፣ ምን ዓይነት ጆርናል ነው የሚቀበሉት የሚለውን በመጀመሪያው ወር ጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ አይደለም። አድቫይዘሩን ደሞ ከማመልከታችሁ በፊት በአካል አግኙት። ኮንሰፕት ኖት ማለትም የጥናት ሀሳባችሁን ሁለት ሦስት ገጽ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱና ዶክተር ይሄን ርዕስ ይይዙልኛል ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ፊታቸው ካልበራ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ በሚወዱት ርዕስ ላይ የሚያማክር ሰውና በግድ የተመደበ ሰው በጭራሽ አንድ አይደሉም።

ገንዘብ። ወይ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ ወይ መሥሪያ ቤት ይልካችኋል። መሥሪያ ቤት ከላካችሁ ውል አለ፣ ዋስ ትጠራላችሁ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ የምታገለግሉት ዓመት አለ፣ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ዋስ የሚሆናችሁ ዘመድም ምን እየፈረመ እንደሆነ ይወቅ። በተጨማሪ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋሙ የልህቀት ማዕከላት አሉ፣ አንዱ በመድኃኒት ምርምር ላይ የሚሠራው ሲዲቲ አፍሪካ ነው፣ ሌላው የውሃ አስተዳደር ማዕከሉ ነው፣ ከሌላ አፍሪካ ሀገርም ተማሪ ይቀበላሉ፣ ስኮላርሺፕ ሲያወጡ ተከታተሉ። እዚህ ሀገር ሆኖ ጥሩ ላብራቶሪና ጥሩ ድጋፍ ማግኘት ይቻላል፣ ሁሉም ነገር ውጭ ነው ያለው የሚለው ልክ አይደለም።

አሁን ማመልከቻው። የመግቢያ ፈተና አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ጋት የሚባለው ነው፣ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው ሀገር አቀፉ ደሞ ኤንጋት ይባላል፣ የምታመለክቱበት ዙር የትኛውን እንደሚቀበል ማስታወቂያው ላይ አንብቡ። ፈተናው በዋናነት እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና የማመዛዘን ጥያቄ ነው፣ ሂሳብ ከተዋችሁ ዓመታት ካለፉ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ አውጡና ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ ግራፍ ማንበብ ምናምን ሥሩበት። አንዳንድ ዲፓርትመንት ከዛ በላይ የራሱን ፈተና ወይ ኢንተርቪው ይጨምራል።

ሰውን ከፈተናው በላይ የሚያስቸግረው ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። በእጃችሁ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይበቃም፣ የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ራሱ አሽጎ መላክ አለበት፣ ሬጅስትራሩ ደሞ ኮስት ሼሪንግ (የዲግሪ ትምህርት ወጪ መጋራት) መክፈላችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃችኋል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚንዛዛው፣ ምክንያቱም ደሞዛችሁ ላይ ሲቆረጥ የነበረው ብር ገቢ መሆኑን መሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፣ ገቢዎች ሄዳችሁ ማረጋገጫ ታወጣላችሁ፣ እሱን ይዛችሁ ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳላችሁ ወይ ሰው ትወክላላችሁ። ስለዚህ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ዘንድሮ ባታመለክቱ እንኳ ጀምሩት። ከግል ኮሌጅ የተመረቃችሁ ወይ ማስተርስ በግል ለመማር ያሰባችሁ ደሞ ፕሮግራሙ ዕውቅና ያለው መሆኑን ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ አጣሩ፣ ኮሌጁ ዕውቅና ኖሮት ያ ፕሮግራም ወይ ያ ካምፓስ ላይኖረው ይችላል። ውጭ ተምራችሁ የመጣችሁም አቻ ግምት የምታሠሩት እዛው ነው።

ከገባችሁ በኋላ ለመመረቅ ጂፒኤ ከ3.00 መውረድ የለበትም፣ ዲግሪ ላይ እንደለመድነው በ2 ነጥብ ምናምን ማለፍ የለም።

ርዕስ ስትመርጡ ጠበብ አድርጉት። «ሞባይል ባንኪንግ በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ ማንም አይጨርሰውም፣ «መርካቶ ያሉ የጨርቅ ነጋዴዎች ለዕቃ አቅራቢ ሲከፍሉ ሞባይል ባንኪንግ ለምን ይጠቀማሉ ወይም ለምን ይተዋሉ» ካላችሁ ግን ነገ ጠዋት ደብተር ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ዳታ የምታገኙበትንም ቀድማችሁ እወቁ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ዳታ ለማግኘት ከዲፓርትመንት የድጋፍ ደብዳቤ ታጽፋላችሁ፣ ቲተር (የኃላፊው ስም ያለበት ማህተም) ይመታበታል፣ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ወስዳችሁ ገቢ ታስደርጋላችሁ፣ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ኃላፊው ይመራዋል፣ ከዛ የተመራበትን ክፍል ፈልጋችሁ ባለሙያውን ታገኛላችሁ፣ እሱ ስብሰባ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ሳምንታት ይወስዳል፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡና እየሄዳችሁ ጠይቁ፣ ደብዳቤ በራሱ አይሄድም። ጤና ላይ ያላችሁ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳታገኙ ለጥናታችሁ አንድ ሰው እንኳ እንዳትጠይቁ።

ቲሲስ በብር ስለማስጻፍ ደሞ ሳልናገር አላልፍም። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ሞልቷል፣ ሥራ በዝቶባችሁ እንደምትፈተኑም ይገባኛል፣ ግን ባካችሁ አታድርጉት። ዲፌንስ ላይ ኤክስተርናል ኤግዛሚነሩ (ከውጭ የመጣው ፈታኝ) «ይሄን ሳምፕል ሳይዝ እንዴት አመጣኸው» ሲል የጻፈው ሰው አጠገባችሁ የለም። ከዛ በላይ ደሞ በዛ ጥናት ተመሥርቶ የሚወሰን ነገር አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ የፈጠራ ቁጥር እዛ ውስጥ ሲገባ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ከበዳችሁ? ለአድቫይዘራችሁ ንገሩና አንድ ሴሚስተር አራዝሙ፣ ያ ነውር የለውም።

እና ከማመልከታችሁ በፊት በዚህ ሳምንት የምታደርጉት አንድ ነገር፦ ዩኒቨርሲቲው ያለፉ ተማሪዎችን ቲሲስና ዲዘርቴሽን (የፒኤችዲ ጥናት) ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀምጣል፣ ገብታችሁ የምታስቡትን ዲፓርትመንት ፈልጉና የቅርብ ጊዜ ሦስት አራት ሥራ አውርዱ። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም፣ የመጀመሪያውን ገጽ እዩ፣ አድቫይዘሩ ማን ነው፣ መቼ ነው የቀረበው፣ ከዛ የምርምር ዘዴው ምዕራፍ ላይ ሂዱና እኔ ይሄን መሥራት እፈልጋለሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ስም ደጋግማችሁ ካያችሁ እና ሥራውን ከወደዳችሁት የዛን መምህር ቢሮ ቁጥር ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ጠይቁ፣ የቢሮ ሰዓታቸው ብዙ ጊዜ በራቸው ላይ ተለጥፏል።