ድራይቨሩ ከበደ ወይስ ቀለለ? በክብደት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ የምንገናኝ ጥቂት ሐበሾች አለን። አብዛኞቻችን ጎልፍን የጀመርነው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ ተጠማዛ ዛፍ ውስጥ በገባች ቁጥር ጥፋቱን ከራሳችን በፊት ከዱላው እንፈልጋለን። አንዱ ድራይቨሩን፣ ማለትም ለረጅም ምት የምንጠቀምበትን ረጅሙን ዱላ፣ ይዞ “ይሄ ድራይቨር ይከብደኛል” ይላል፤ ሌላው ያንኑ ዱላ ተቀብሎ አንዴ ሲያወዛውዘው “ኧረ ላባ ነው!” ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። “ክብደት” በሚል አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለምንጠራ ነው የማንግባባው። የመጀመሪያውም ስህተት ከዚሁ ይነሳል።

ጠቅላላ ግራሙን ብቻ ማየት

የዛሬ ድራይቨር በአብዛኛው ከ290 እስከ 325 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ራሱ፣ ማለትም ኳሷን የሚመታው የጫፉ ጭንቅላት፣ ወደ 200 ግራም ይወስዳል፤ ሻፍቱ (ረጅሙ ዘንግ) ከ40 እስከ 80፣ መያዣው ደግሞ 50 ግራም ገደማ ነው። ይህን በኩሽና ሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል። እጅ ግን እንደ ኩሽና ሚዛን አይመዝንም። እንጨት የፈለጠ ሰው ያውቀዋል፦ መጥረቢያን ከብረቱ ሥር ይዘው ሲያነሱት ምንም አይመስልም፤ ከእጀታው ጫፍ ሲይዙት ያው መጥረቢያ ክንድ ይጎትታል። ግራሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ከባዱ ነገር ከእጅ የራቀበት ልክ ነው።

የጎልፍ ሰዎች ይህን ስሜት የሚለኩት ስዊንግ ዌይት በሚባል ልኬት ነው። ዱላው ከመያዣው ጫፍ 14 ኢንች ርቆ በተተከለ መደገፊያ ላይ ይቀመጥና ወደ ራሱ በኩል ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይታያል። ውጤቱ በፊደልና በቁጥር ይጻፋል። የወንዶች ድራይቨር ብዙ ጊዜ ከዲ0 እስከ ዲ5 ባለው ውስጥ ይውላል፤ የሴቶቹ በሲ ይጀምራል፤ ከሲ9 ቀጥሎ የሚመጣው ዲ0 ነው። ራሱ ላይ 2 ግራም ገደማ ሲጨመር አንድ ነጥብ ይወጣል። መያዣው ላይ 4 ወይም 5 ግራም ሲጨመር አንድ ነጥብ ይወርዳል።

ታዲያ ይህን ያወቀ ሰው ወዲያው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ “የኔ ዲ2 ነው” ብሎ ያርፋል። 325 ግራም የሚመዝን ዱላም ሆነ 295 ግራም የሚመዝን ዱላ ዲ2 ሊሆን ይችላል፤ ሲወዛወዙ ግን ወንድማማች እንኳ አይመስሉም። ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ ማወቅ ግድ ነው።

የቀለለ ሁሉ ይፈጥናል ብሎ ማመን

ሻፍቱ ሲቀልና ራሱ ሲቀል ውጤቱ አንድ አይደለም። ኳሷን የሚመታት ራሱ ነው። ኳሷ 46 ግራም ገደማ ናት፤ 200 ግራም የሆነ ራስ በሰዓት 90 ማይል እየሄደ መሃል ለመሃል ቢያገኛት፣ በግጭት ሒሳብ ወደ 134 ማይል ፍጥነት ይዛ ትወጣለች። ራሱን ወደ 190 ግራም ካወረድነው በዚያው 90 ማይል የምታገኘው 132.6 ገደማ ነው። የጎደለውን ለመመለስ ዱላውን አንድ ማይል ያህል አፍጥኖ መምታት ይጠይቃል። ፍጥነቱ በእርግጥ መጨመሩን ሳይለኩ “ቀለለኝ፣ ስለዚህ ራቀልኝ” ማለት የኪስን ገንዘብ ሳይቆጥሩ እንደማበደር ነው።

ቁጥጥሩ ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ዱላው ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ጊዜ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ኳሷ ከዱላው ፊት ጋር የምትቆየው ግን የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ። በዚያች ቅጽበት መሪ የሚያዞር ሰው የለም። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ከዚያ በፊት፣ እጅ ራሱ የት እንዳለ ሲሰማው ነው። በጣም የቀለለ ዱላ ያንን ወሬ አያደርስም። የእኛ ሰፈር ልጆች ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ይህንን ነው፦ ዱላው ሲቀላቸው እጃቸው ከወገባቸው ቀድሞ ይሮጣል፣ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ኳሷ ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች። ግራኝ ከሆኑ በተቃራኒው ያንብቡት።

ከመጠን በላይ ሲከብድ ግን የሚመጣው ሌላ በሽታ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ኳሶች ያምራሉ፤ ድካም ሲገባ ፊቱ ሳይዘጋ ኳሷ ላይ ይደርሳል፣ ያም ወደ ቀኝ ይወስዳታል። ስለዚህ ኳሷ ወደ ቀኝ ሄደች ብሎ ብቻ ዱላው ከብዷል ወይም ቀሏል ማለት አይቻልም። መቼ እንደምትሄድ፣ ገና ሲጀምሩ ነው ወይስ ሲደክሙ፣ ልብ ይበሉ።

ርዝመትን ከክብደት ነጥሎ ማየት

እኔ ራሴ የወደቅኩበት ይህ ነው። ድራይቨሬ 46 ኢንች ነበር፤ በየቦታው እየመታሁ ስቸገር አንድ ኢንች አስቆረጥኩት። በማግስቱ ይዤው ስወጣ ጫፉ ላይ ምንም የሌለበት ሸምበቆ የያዝኩ መሰለኝ። የቆረጠልኝን ሰው በልቤ ስወቅሰው ሰነበትኩ፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ግማሽ ኢንች ሲቆረጥ ስዊንግ ዌይቱ ወደ ሦስት ነጥብ ይወርዳል፣ አንድ ኢንች ሲቆረጥ ወደ ስድስት። ዲ4 የነበረው ወደ ሲ8 ወርዶብኝ ነበር ማለት ነው። ለመመለስ ራሱ ላይ 12 ግራም ገደማ መጨመር ነበረብኝ። በመጨረሻ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ተለጣፊ ቴፕ ገዝቼ ከራሱ ሥር ለጠፍኩ። 12 ግራሙን በሙሉ ሳልደርስ፣ 8 ላይ ተስማማኝ። ሙሉ በሙሉ መመለስ ሕግ አይደለም።

ማሳጠሩ ራሱ ግን አይቆጨኝም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ድራይቨር 45.5 ኢንችና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በትልቁ የአሜሪካ ውድድር የሚጫወቱት ባለሙያዎች አማካይ ግን ወደ 45 ኢንች ነው። ከእኛ በላይ የሚመቱት ሰዎች ከእኛ ያጠረ ዱላ ይይዛሉ! ታዋቂው የጎልፍ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ እ.ኤ.አ. በ1963 በረጅም ምት ፉክክር 341 ያርድ ከ17 ኢንች፣ ማለትም 312 ሜትር ገደማ የመታው ራሱ ከእንጨት በተሠራ፣ 43 ኢንች በማይሞላ ድራይቨር ነው። በእርግጥ ፊል ሚኬልሰን በ2021 የፒጂኤ ሻምፒዮና በ50 ዓመቱ ሲያሸንፍ ወደ 48 ኢንች የተጠጋ ዱላ ይዞ ነበር፤ እሱ ግን ሚኬልሰን ነው። ከ2022 ጀምሮ የውድድር አዘጋጆች ርዝመቱን በ46 ኢንች እንዲገድቡ ተፈቅዷል። እሱ ግን ሚኬልሰን ነው።

ከመቁረጥዎ በፊት በነፃ የሚሞከር ነገር አለ፦ መያዣውን አንድ ኢንች ዝቅ ብለው ይያዙና ሠላሳ ኳስ ይምቱ።

“ስቲፍ” ሲባል ከባድ ማለት እንደሆነ ማሰብ

“ስቲፍ” እና “ሬጉላር” የሻፍቱን ጥንካሬ፣ ማለትም ምን ያህል እንደማይታጠፍ፣ የሚገልጹ ስሞች ናቸው፤ ጥንካሬና ክብደት ደግሞ የተለያዩ ናቸው። 50 ግራም የሆነ ስቲፍ ሻፍት አለ፤ 65 ግራም የሆነ ሬጉላርም አለ። ሁሉም ፋብሪካ የሚስማማበት የጥንካሬ መለኪያ የለም፤ የአንዱ ስቲፍ የሌላው ሬጉላር ሊሆን ይችላል። ግራም ግን በየትም ግራም ነው። ሻፍት ስትመርጡ መጀመሪያ ክብደቱን ጠይቁ እላለሁ።

ብሎን በማዞር ስላይስን (ወደ ቀኝ የምትጠማዘዝ ምትን) ለማዳን መሞከር

የዱላ አምራቹ ቴይለርሜድ እ.ኤ.አ. በ2004 ራሱ ላይ አራት ተነቃይ የክብደት ብሎኖች ያሉትን አር7 ኳድ የተባለ ድራይቨር ካወጣ ወዲህ፣ የክብደት ብሎን የሌለው ድራይቨር ሰው የናቀው ሆኗል። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከተንግስተን ነው፤ ከቲታኒየም ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ በትንሽ ቦታ ብዙ ግራም ይይዛል። ከባዱ ብሎን ወደ ኋላ ሲሄድ ራሱ ከመሃል ውጭ ሲመታ ብዙም አይጣመምም፤ ወደ ፊት ሲመጣ የኳሷ ሽክርክሪት ይቀንሳል፤ ወደ ሻፍቱ በኩል ሲጠጋ ፊቱ እንዲዘጋ ያግዛል። ያግዛል አልኩ እንጂ ያድናል አላልኩም። ፊቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ የሚመጣን ሰው ብሎን አያድነውም።

ሌላው የሚዘነጋው፣ ባለ 2 ግራሙን አውጥቶ ባለ 10 ግራም ሲያስገቡ ስዊንግ ዌይቱ አራት ነጥብ ያህል መዝለሉ ነው። በውድድር መሃል ብሎን ቀይሮ ወይም ቴፕ ለጥፎ በዚያው ዱላ መምታት ደግሞ ከጨዋታው ያሰርዛል።

መያዣ መቀየርንም ከዚሁ ጋር ያስቡት። ወፍራሙ መያዣ ከቀድሞው 20 ግራም ከበለጠ፣ ዱላው ከብዶ ሳለ ራሱ የጠፋ ሊመስልዎ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ባለ የመምቻ መረብ ላይ በአምስት ኳስ መፍረድ

አዲስ ዱላ ለአምስት ኳስ ሁሌም ያምራል። ሰውየው ትኩስ ነው፣ ሻጩ አጠገቡ ቆሟል፣ ርቀት በሚለካው ማሽን ላይ የሚያየው ከሁሉ የራቀችውን ኳስ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በዱላው ፊት ላይ የእግር ፓውደር እነፋለሁ፣ ሃያ ኳስ እመታለሁ፣ ነጠብጣቦቹ የት እንደተሰበሰቡ አያለሁ። ከዚያ 4 ግራም ቴፕ ለጥፌ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ 8። ነጠብጣቦቹ የተጠጋጉበት ክብደት የኔ ነው፣ ርቀቱ ሁለት ያርድ ቢያንስም። ከሁለት ነገር በላይ በአንድ ቀን አልቀይርም፤ እንዲያውም አንድ ይበቃል። የመጨረሻውን ሙከራ የማደርገው ደክሞኝ፣ የኳሱ ባልዲ ሊያልቅ ሲል ነው።

ስንት ግራም እንደለጠፉም ቴፑ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉት። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ፣ ባለፈው ወር አንዱ ቁራጭ ወልቆ ሲጠፋ ስንት እንደነበር ለማወቅ ድራይቨሩን ከባለቤቴ የበርበሬ ሚዛን ላይ አጋድሜው ተገኝቻለሁ።