መናኸሪያ ላይ የሚነቃ ጆሮ ጥናት ላይ ለምን ይተኛል?

ባሕር ዳር መናኸሪያ ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አንዱ «ደብረ ታቦር!» ይላል፣ ሌላው «ጎንደር! ጎንደር!» ይላል፣ ውጭ ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እናንተ ግን መንገዳችሁ ደብረ ማርቆስ ከሆነ ከዚያ ሁሉ ጩኸት «ማርቆስ!» የምትለዋ ብቻ ጥርት ብላ ትሰማችኋለች።

እ.ኤ.አ. በ1959 ኔቪል ሞሬይ የተባለ ተመራማሪ ሰዎች በአንድ ጆሯቸው የሚመጣውን ንግግር ብቻ እንዲከተሉ አደረገና በሌላኛው ጆሮ ስማቸውን ጣል አደረገ። ሲሶ ያህሉ ሰሙት። ሲሶ ብቻ ነው፤ ስሜ ከተጠራ አያመልጠኝም የምትሉ ብዙ አትኩራሩ።

ጆሯችን የራሱን ጉዳይ ለይቶ የሚይዝበትን ይህን ጠባይ ለጥናት እንጠቀምበት። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጣና ዳር ጥላ ሥር ተቀምጬ አንዱን ገጽ ሦስቴ አነበብኩትና ደብተሩን ስዘጋ ትዝ የሚለኝ በፊቴ ያለፈው ታንኳ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የሐይቁ መስሎኝ ቤት ገባሁ። ቤትም ያው!

ገጹን ከመጀመራችሁ በፊት «ይሄ ነገር እኔን የት ያገኘኛል?» በሉ። «ወደፊት ይጠቅመኛል» መልስ አይደለም። ስለ ወባ የምታነቡ ከሆነ ወባ የያዛችሁን ቀን አስቡ። የወባው ጥገኛ ተሕዋስ መጀመሪያ ጉበት ገብቶ ይራባል፣ ያኔ ምንም አይሰማችሁም፣ ቡና እየጠጣችሁ ነው። ከዚያ ወደ ቀይ የደም ሴል ይገባል። ሴሉ ሲፈነዳ ነው ያ ሁለት ብርድ ልብስ የማያስቆመው ማንዘፍዘፍ የሚመጣው። አሁን ቅደም ተከተሉን መሸምደድ አያስፈልግም፣ በእናንተው ላይ ደርሷል።

ሮጀርስ የተባለ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህንኑ ፈትነውታል። ቃላት እያሳዩ አንዳንዴ ስለ ፊደሉ መጠን፣ አንዳንዴ ስለ ድምፁ፣ አንዳንዴ ስለ ትርጉሙ፣ አንዳንዴ ደግሞ «ይህ ቃል አንተን ይገልጻል?» ብለው ጠየቁ። ከሁሉም በላይ የታወሱት የመጨረሻው ጥያቄ የቀረበባቸው ቃላት ናቸው። ስለ ራሳችን የምናውቀው ብዙ ስለሆነ አዲሱ ነገር የሚንጠለጠልበት አያጣም።

አንድ አደጋ አለው፤ ትዝታው ይዟችሁ ይሄዳል። እኔ ወባን ከአክስቴ ሕመም ጋር አያይዤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከእሷ ጋር ስልክ ሳወራ ቆየሁ። ስለዚህ ትዝታውን በገጹ ዳር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ወደ ንባቡ ተመለሱ።

ምንም የማያገናኛችሁ ርዕስ ከሆነ ደግሞ የምትጠቀሙበትን ቀን አቅርቡት። «ነገ ማታ ለእህቴ አስረዳታለሁ» በሉና ለእሷም ንገሯት፣ እንዳትሸሹ።

አንዳንዱ ግን በዚህም እምቢ ይላል። የኬሚስትሪውን ፔሪዮዲክ ቴብል ከራሴ ሕይወት ጋር ላገናኝ ብዬ አንድ ከሰዓት አቃጥያለሁ። እሱን እንደ ድሮው እየጻፋችሁ ሸምድዱት።