ዕጣኑ ሳይጨስ እንዲሸት

ደሴ ላይ በክረምት በር ተዘግቶ ቡና ሲፈላ፣ ዕጣኑ ገና ፍሙ ላይ እንዳረፈ ቤቱ ይታፈናል። ዓይን ያቃጥላል፤ ሽታውም የዕጣን ሳይሆን የቃጠሎ ይሆናል።

መጠኑን መቀነስ ጭሱን አሳጠረው እንጂ አላጠፋውም። መውቀጥ ደግሞ ይባስ፤ ዱቄቱ ባንዴ ይነዳል። ውኃ መርጨት ፍሙን ከማፈን ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ፍሙ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ ግን ግማሹን ፈታው።

ሙሉ በሙሉ የሠራው ዕጣኑን ከፍሙ መለየት ነው። ፍሙ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የተነፋ አመድ ይነስነስ፤ በላዩ ሁለት እጥፍ የአሉሚኒየም ፎይል እንደ ትንሽ ሳህን ጎድጎድ ተደርጎ ይቀመጥ። ሽምብራ የሚያካክሉ 3 ፍሬዎች ይበቃሉ። ዕጣኑ ላብ እንዳወጣ ሁሉ እያብረቀረቀ ይለሰልሳል፤ ሽታ ያለው ዘይት ይተናል፣ ሙጫው ግን አይነድም። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ቀጭን ጭስ ካወጣ አመድ ይጨመር፤ ካልሸተተ አመዱ ይቀነስ። ከርቤ ከተቀላቀለበት ሙጫው ስለሚበዛ ቶሎ ይጠቁራል።

(ጭስ ባይታይም ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ መስኮቱ ገርበብ ይበል።)

ሽታው ሲያልቅ የቀረው ጥቁር ቅሪት ወዲያው ይነሳ። ከቆየ የሚጨሰው እሱ ነው።