አክሰስ ላይ ሪከርድ ስትቀይሩና ስታዘዋውሩ እነዚህን አታድርጉ

ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚደውሉልኝ ልጆች ስለ አክሰስ (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ሪከርዱ (የቴብሉ አንዱ ረድፍ) ጠፋብኝ፣ እንዴት ልመልሰው?» አፕዴት (ቀይር)፣ አፔንድ (ጨምር) ወይም ዲሊት (ሰርዝ) ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታው የምትሰጡት ትእዛዝ፣ አንዴ «የስ» ከተባለ ኮንትሮል ዜድ አይሠራም። መመለሻው ባክአፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት አክሰሱን ዝጉና ፋይሉን ኮፒ አድርጉ።

እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ የማዘዋወሩ ነገር ነው። አክሰስ ውስጥ «አዘዋውር» የሚባል ኩዌሪ የለም። በአፔንድ ወደ አዲሱ ቴብል ትገለብጣላችሁ፣ ከዚያ በዲሊት ከአሮጌው ትሰርዛላችሁ። ጉዱ በሁለቱ መሃል ነው። አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ የ2014ን ደረሰኞች «የድሮ ሽያጭ» ወደሚል ቴብል ልካ ነበር። ቴብሉ ላይ ፕራይመሪ ኪዩ (መደገም የማይችለው መለያ) የደረሰኝ ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ በየዓመቱ ከ1 ይጀምራል! የ2013ቱ ቀድመው ስለገቡ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው የ2014 ደረሰኞች አልገቡም። አክሰስ ዝም አላለም፤ ይህን ያህል ሪከርድ በኪይ ምክንያት አልገባም፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠይቋል። ልጅቱ ሳታነብ «የስ» አለች፣ ወዲያው ዲሊቱን አስከተለች። ያልገቡት ከሁለቱም ቴብል ጠፉ። ኧረ እባካችሁ ያንን መልእክት አንብቡት! ከመሰረዛችሁ በፊት የሁለቱንም ቴብል የ2014 ሪከርዶች ቁጠሩ። ካልተካከለ ዲሊት የለም። ከተቻለም ዲሊቱ በቁጥርም በዓመትም አዲሱ ቴብል ውስጥ የተገኙትን ብቻ እንዲነካ አድርጉት።

ያው መልእክት ስለ ቀንም ይናገራል። በጽሑፍ የተያዘ የኢትዮጵያ ቀን ወደ ዴት ፊልድ (ቀን ብቻ ወደሚይዝ ዓምድ) ስትልኩ ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/2/2015፣ በፈረንጅ የለም፤ ስለዚህ ቦታው ባዶ ይሆናል። ጳጉሜን 5 ይብሳል፤ 5/13/2015ን ሜይ 13 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ወይ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር ፊልድ ያዙ፣ ወይ ቀድማችሁ ወደ ፈረንጅ ቀይሩት።

በስም አፕዴት አታድርጉ። ወሎ ውስጥ ሰይድ አሊ ስንት ነው? የአንዱን ዕዳ ልትሰርዙ የሁሉንም ትሰርዛላችሁ። በመለያ ቁጥር ሂዱ። አጻጻፉም አለ፤ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለአክሰስ ግን ሦስት ናቸው። «ሐይቅ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሀይቅ» ተብሎ የተጻፈው አይመጣም። የከተማ ስም ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን።

ክራይቴሪያ (የትኞቹ ሪከርዶች እንደሚነኩ የሚወስነው መስፈርት) መርሳት ያው ነው፣ ሁሉም ሪከርድ ይቀየራል። ጀማሪዎች አብሽሩ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኩዌሪውን መጀመሪያ በሰሌክት (ምንም ሳይቀይር በሚያሳየው) ሥሩት፣ የሚመጡትን ሪከርዶች በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ወደ አፕዴት ወይም ዲሊት ለውጡት። እዚህ ላይ ባዶ ፊልዶችን አትርሱ፤ «ከደሴ ውጭ ያሉትን» ስትሉ ከተማው ያልተሞላለት ሰው አይመጣም፣ እሱን ለብቻ መጠየቅ አለባችሁ።

ሜክ ቴብል (አዲስ ቴብል የሚሠራው ኩዌሪ) በዚያው ስም የነበረውን ቴብል ይተካል፣ አዲሱም ፕራይመሪ ኪዩን ይዞ አይመጣም።

የተቀመጠ ዲሊት ኩዌሪን «እስኪ ልየው» ብላችሁ ደብል ክሊክ አታድርጉ፣ ማስነሳት ነው። ለማየት ዲዛይን ቪው አለ።

ደግሞ ማስጠንቀቂያው ሰለቸን ብላችሁ ኮድ ላይ ሴት ዋርኒንግስን (SetWarnings) ፎልስ የምታደርጉ፣ ያ ከላይ ያልኩት መልእክት ጨርሶ አይወጣላችሁም፣ ያልገባው ሪከርድም ሳታውቁት ይቀራል። በሱ ፈንታ ኩዌሪውን ከኮድ ለማስነሳት ከረንት ዲቢ ኤክሲኪዩትን (CurrentDb.Execute) ከዲቢ ፌይል ኦን ኤረር (dbFailOnError) ጋር ተጠቀሙ። ስህተት ሲኖር ይነግራችኋል፣ ኩዌሪው የጀመረውን ለውጥም ወደ ኋላ ይመልሰዋል።