ህዳር 15 ላይ የጥብስ ምሽት፦ የሰፈር መጠጥ ቤት በዝግጅት ሰሞን የሚሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ያለችው መጠጥ ቤታችን ትንሽ ናት። አስራ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የድራፍት ማሽን፣ ጓሮ ላይ ሦስት ጋን። ጠላውና ጠጁ እዚያው ይጠመቃል። ድራፍቱ ከፋብሪካ ይመጣል፣ ዓሣው ከጣና። ከሁለት ሸሪኮቼ ጋር ከከፈትናት ስድስት ዓመት ሆነን። በነዚህ ዓመታት ለአዲስ ዓመት፣ ለቅበላ፣ ለክረምት መውጫ ብዙ ዝግጅት አሰናድተናል። ገሚሱ አክስሮናል። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ሽምብጥ አካባቢ ተመሳሳይ ቤት ሊከፍት ነውና «ምን ልጠንቀቅ?» ቢለኝ ያወራሁለትን ነው እዚህ የጻፍኩት።

ቀኑን ሳያዩ ቀን መቁረጥ

አንድ ዓመት «የጥብስና የጠጅ ምሽት» ብለን በር ላይ ለጠፍን። ሁለት በግ ታረደ። ማሲንቆ ተጫዋች ተቀጠረ። ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ውስጥ ሰባት ሰው አለ። ከሰባቱ አራቱ አምቦ ውኃ ይዘዋል። የቤቱ ደንበኛ የሆኑ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፣ ጥግ ላይ ካለችው ወንበር አይጠፉም። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ጥብስ ልዘዝልዎት?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ስንት ነው?» አሉኝ።

ህዳር 15። የነቢያት ጾም መግቢያ።

እርግጥ ሁሉም ሰው ይህን ጾም አይጾምም። የመጀመሪያውን ቀን ግን የማይጾመውም ያከብረዋል። የተረፈውን ሥጋ ለሠራተኞቹ እንዳንሰጥ እነሱም ጾመኛ ናቸው። ያ በግ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመውን ያህል እኔ ለፍቅረኛዬ ይቅርታ ስጠይቅ አልከረምኩም።

አሁን መስከረም ሲጠባ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር የግድግዳውን ካላንደር አውርደን በእስክሪብቶ ማስመር ነው። የነቢያት ጾም ከህዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። እነዚህ ቦታቸውን አይለቁም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሁሌም ሰኞ ይገባል፣ ቀኑ ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ከሱ በፊት የነነዌ ሦስት ቀን አለች፣ እሷን ብዙ ሰው ይረሳታል። ረመዳንም በየዓመቱ ወደኋላ እየመጣ ከአንዱ ዝግጅታችሁ ጋር መግጠሙ አይቀርም።

ሲሰመር አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሰፈር ቤት ትልቁ ገበያ ፋሲካ አይደለም። ፋሲካ ዕለት ሰው እናቱ ቤት ነው፣ ዶሮው እዚያ ነው። ትልቁ ገበያ ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ሰው ሥጋ ለመሰናበት ከጓደኛው ጋር ይወጣል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይወጣል፣ ብቻውንም ይወጣል። ለዝግጅት የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ እዚያ ሳምንት ላይ አውጡት።

የሰው በዓል መበደር

መስከረም ላይ ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ ሰቅሎ «ኦክቶበርፌስት» የሚል ቤት አይቻለሁ። እኛም አስበነው ነበር፣ አልዋሽም። የሙኒኩ በዓል በ1810 እ.ኤ.አ. ከልዑል ሉድቪግ ሠርግ የተነሣ ነው። ስሙ ኦክቶበር ይበል እንጂ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ስለሆነ ከመስቀላችን ጋር ይገጥማል። በራችሁ ላይ ደመራ እየተተከለ፣ ልጆች አበባ ይዘው እየዞሩ፣ እናንተ የባቫርያ ባንዲራ ስትሰቅሉ ሰፈሩ ምን እንደሚላችሁ መገመት አይከብድም።

የሚገርመው ባቫርያዎቹ ራሳቸው በቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነበር የሚጠምቁት። በ1553 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ቢራ የሚጠመቀው ከእነሱ ሚካኤል፣ ከሴፕቴምበር 29፣ እስከ እነሱ ጊዮርጊስ፣ እስከ አፕሪል 23 ብቻ ነው። በበጋው ሙቀት ቢራው ይበላሽ ስለነበር ተከለከለ። በማርች ጠንከር አድርገው የጠመቁትን በጓዳ ቅዝቃዜ እያቆዩ በበጋው ይጠጡታል፤ የበዓሉም ቢራ ከዚያ የመጣ ነው። ወቅታዊ መጠጥ የሚባለው እንግዲህ ይኼ ነው፤ አየሩና እህሉ የወሰኑት። የእኛስ? ጥቅምትና ህዳር አዲስ ማር ይቆረጣል። ህዳርና ታኅሣሥ አዲስ ገብስ ይታጨዳል። ከዚህ የተሻለ የዝግጅት ምክንያት ከጀርመን ማምጣት አያስፈልግም።

ጋኑን ማጣደፍ

ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ትሞቃለች። ጠላው ዛሬ ደረሰ ስትሉ ነገ ይኮመጥጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ያው ጋን፣ ያው ጌሾ፣ ያው እጅ ሆኖ ይዘገያል። እኛ ይህን ሳናውቅ የእንቁጣጣሹን ጠላ በሚያዝያ ሂሳብ ጠነሰስን።

ጠማቂያችን እናት ናቸው፣ እማማ ነው የምንላቸው። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን አልፎ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባል። ከዚያ አሻሮው ይደፈደፋል፣ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ ይከደናል። ጋኑ አስቀድሞ በወይራ ጭስ መታጠኑን ሳያሸቱ እማማ እጃቸውን አያስገቡም። በጳጉሜን መጨረሻ ወደ ጓሮ ሮጬ «እማማ፣ ለነገ ይደርሳል?» አልኳቸው። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው ጋኑ ላይ ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ውስጡ ዝናብ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚያርፍ ድምፅ ይንሾካሾካል። «ሰማኸው? ገና ወሬውን አልጨረሰም» አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። አጥልለን አቀረብን። ያልደረሰ ጠላ የጠጣ ሰው ሆዱ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መስከረም 2 ቀን ማንም አልመጣም።

አሁን በክረምት ቢያንስ አራት ቀን እንጨምራለን። ጠጅም እንዲሁ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ብርሌ አናነሣም። ማሩን በዓል ሲደርስ መግዛት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ያኔ ዋጋው ጣሪያ ነክቷል፣ ስኳር የተቀላቀለበትም ይበዛል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ በሚበረዝ መጠጥ ውስጥ ስኳሩ መደበቂያ የለውም። ህዳር ላይ ከሚቆርጠው ገበሬ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው።

ድራፍትን ከመኪና ወደ ጃንቦ

በዓል ዋዜማ በርሜሉ በፀሐይ ሲመጣ፣ ወርዶ ወዲያው ሲገጠም፣ ከጃንቦው ሦስት እጁ አረፋ ይሆናል። አስተናጋጁ ይጠብቃል፣ ያፈሳል፣ እንደገና ይቀዳል። ማታ ሂሳብ ሲሠራ ከእያንዳንዱ በርሜል ስንት ጃንቦ ወደ ፍሳሽ እንደሄደ ታያላችሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ተረጋግቶ የሚቀመጠው ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሞቅና ሲናጥ ለመውጣት ይሽቀዳደማል። ስለዚህ በርሜሉ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ብዙ ልጆች አረፋ ሲበዛ የጋዙን ግፊት ይቀንሳሉ። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። ይብስበታል። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ቱቦው ውስጥ ከቢራው ይለያል፣ አረፋው ይጨምራል፣ የቀረው ቢራ ደግሞ ሙት ይሆናል። ሙቀቱን አስተካክሉ፣ ግፊቱን ተዉት።

ቱቦው በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ ቢራው ይኮመጥጣል፣ ደንበኛው ደግሞ ፋብሪካውን ይሰድባል። ጃንቦው የጥብስ ሳህን በታጠበበት ውኃ ከታጠበ አረፋው ጭራሽ አይቆምም። መብራት ሲጠፋስ? የማቀዝቀዣውን በር አትክፈቱ። «በረደ እንዴ?» እያለ በየአምስት ደቂቃው የሚከፍት ሸሪክ አለኝ፣ ስሙን አልጠራም።

ዓሣን እንደ ቧንቧ ውኃ መቁጠር

ጣና ደጃችን ስለሆነ ዓሣ ሁልጊዜ ያለ ይመስለናል። በዐቢይ ጾም ግን ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምረውም። ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ወገን ጎን ለጎን ይቀመጣል። ለዚያ ነው ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ዘይት የያዝነው። ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት የጾም አልጫ የተሠራላት አንዲት እናት ቀምሰው ሳህኑን ቀስ ብለው ሲገፉ አይቻለሁ። ምንም አልተናገሩም። ተመልሰውም አልመጡ።

ሌላው የዓሣውን ዓይነት አለመናገር ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ ሁሉም «ኮተሌት» ተብሎ ይቀርባል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበላ ሰው አለ። ንገሩት፣ ይምረጥ። ነጭ ዓሣው ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች አፍ ይሰበሰባል። ያኔ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ በገፍ ስለሚወጣ ዝርያው ተመናምኗል። ነጭ ዓሣ የምንላቸው 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። እኛ በክረምቱ ሜኑ ላይ ቆሮሶ ብቻ እንጽፋለን። ገበያችን አልቀነሰም።

ዝናቡ፣ ጣሪያው፣ ስፒከሩ

ጣና አካባቢ የክረምቱ ዝናብ ማታና ሌሊት ይወዳል። በነሐሴ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጓሮ ውስጥ ወንበር መደርደር ሰማዩን መገዳደር ነው። የእኛ ክረምት ዝግጅት ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙዚቃ አታስቡ፣ ዝናቡ ሲወርድ ከጎናችሁ ያለውን ሰው እንኳን አትሰሙም። መስከረም ላይ ደግሞ ቢንቢው አለ፣ ነጭ አምፖል ጠረጴዛ ላይ ባታንጠለጥሉ ጥሩ ነው።

አዝማሪ ከጋበዛችሁ ትልቁን ስፒከር አጥፉት። የአዝማሪ ጥበቡ ፊታችሁን አይቶ በስማችሁ መግጠሙ ነው። በስፒከር ውስጥ ግጥሙ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጩኸት ነው። ጩኸቱን ደግሞ ጎረቤት ያለች ለፈተና የምታጠና ልጅ ትሰማዋለች።

የማይጠጣውን መርሳት

አምስት ሰው አብሮ ሲመጣ አንዱ ወይም ሁለቱ አይጠጡም። መኪና ይነዳል፣ ሙስሊም ነው፣ መድኃኒት ጀምሯል፣ ወይም አልፈለገም። ለስላሳ ሰጥታችሁ ጥግ አታስቀምጡት። ቀሪቦ አዘጋጁ፣ ብርዝ አዘጋጁ። ብርዙን በብርሌ አቅርቡለት፣ እኩል ያነሣ። እኛ ቀሪቦ የጀመርነው ለሁለት ሰው ነበር፣ ዛሬ ቅዳሜ ቀን አንድ ባልዲ አይበቃም።

ዕድሜም ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከተማችን ተማሪ የሞላባት ናትና በዓል ላይ ይህ ጉዳይ በየሰዓቱ ይመጣል። የመጠጥ ቢልቦርድም ክልክል ነው። በር ላይ ያለች ጥቁር ሰሌዳ ትበቃናለች።

የደንበኛን ወንበር መሸጥ

አንድ የገና ሰሞን ጠረጴዛዎቹን ሁሉ አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ሸጥናቸው። አስተማሪው እንደወትሯቸው መጡ። ወንበራቸው ላይ የማናውቀው ሰው ተቀምጧል። በር ላይ ቆም አሉ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ «ሥራ በዝቶባችኋል» ብለው ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ጠፉ። የሄድነው ሦስታችን ነን፣ አንድ ጠርሙስ ጠጅ ይዘን፣ እቤታቸው ድረስ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ወንበር ለማንም አትሸጥም። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሳምንቱን በሰሌዳው ላይ ስጽፍ፣ ከልማድ የተነሣ «ረቡዕ፦ በየዓይነቱና ዓሣ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ስመጣ ከሥሩ በተስተካከለ የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ጾም የለም። ጥብሱ ይምጣ» ይላል። ጎኑ ላይ በቀይ ጠመኔ 3 ከ10 ተሰጥቶኛል።