አዲስ ሽጉጥ እንዴት ይሟሻል? ለመጀመሪያ ጊዜ የመሣሪያ ባለቤት ለሆነ ሰው

ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሽጉጥ ተፈትሾ የተሸጠ ቢሆንም ገና አልተላመደም። እርስ በርስ በሚፋተጉት የብረት ክፍሎች ላይ የማሽን ጭረት ይቀራል፤ ሞላዎቹም ጠንካሮች ናቸው። ማሟሸት ማለት እነዚህ ክፍሎች በተኩስ ብዛት እንዲላመዱ ማድረግ ነው። በእኔ እምነት ግን ዋናው ጥቅሙ፣ ባለቤቱ ይህ መሣሪያ በእነዚህ ካዝናዎችና በዚህ ዓይነት ጥይት ሳይስተጓጎል መሥራቱን በገዛ እጁ ተኩሶ ማረጋገጡ ነው። የሚከተለው ማብራሪያ ባለካዝና ሽጉጥን የሚመለከት ነው፤ ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ የሚያርፍበት ሪቮልቨር ከጽዳትና ከጥቂት የሙከራ ተኩስ ያለፈ ማሟሸት እምብዛም አይፈልግም።

በመጀመሪያ በሕግ የሚጠየቀውን ፈቃድ ያሟሉና ከሽጉጡ ጋር የመጣውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። አንዳንድ አምራቾች 200 ያህል ጥይት ሳይተኮስበት መሣሪያው አስተማማኝ ተደርጎ እንዳይወሰድ ያሳስባሉ፤ ክፍሎቹ በጣም ተጠባብቀው ለተሠሩ ሙሉ ብረት ሽጉጦች ቁጥሩ እስከ 500 ይደርሳል፤ ማሟሸት አያስፈልግም የሚሉም አሉ። መመሪያው ምንም ባይል እንኳ 200 ጥይት ተገቢ መነሻ ነው።

ቀጥሎ ሽጉጡን ባዶ ያድርጉ። አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ አዙረውና ጣትዎን ከምላጩ አርቀው አስቀድመው ካዝናውን ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ስበው ጥይት የሚያርፍበትን ጎሬ በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። ቅደም ተከተሉ መገለባበጥ የለበትም፤ ካዝናው ሳይወጣ የሚያቀባብል ሰው አንዱን ጥይት ሲያስወጣ ሌላውን ራሱ ያጎርሳል። ጥይቶቹን በሙሉ ከሚሠሩበት ክፍል ያስወጡ።

አሁን በመመሪያው መሠረት ሽጉጡን ይፍቱት። ከፋብሪካ የተቀባው ቅባት በአብዛኛው በመጋዘን ሳለ እንዳይዝግ የተደረገለት እንጂ ለተኩስ የታሰበ አይደለም፤ ወፍራም ስለሆነም የባሩድ ጥላሸት ይሰበስባል። በንጹሕ ጨርቅና በመሣሪያ ማጽጃ ይጥረጉት። ሆኖም መመሪያው ተዉት ያለውን ይተዉት፤ ለምሳሌ ግሎክ በአዲስ ሽጉጦቹ ላይ የሚቀባው መዳብ የሚመስል ቅባት እንዳይጠረግ አምራቹ ያዝዛል። ከጽዳት በኋላ ተንሸራታቹ ክፍል በሚሄድባቸው ሐዲዶችና የበርሜሉ ውጫዊ ገጽታ በሚፋተግበት ቦታ ስስ ዘይት ይቀቡ። የበርሜሉ ውስጥና ጎሬው ግን ደረቅ መሆን አለባቸው። ጥይቱን መትቶ በሚያስነሳው መርፌ መተላለፊያም ዘይት አይጨምሩ፤ ጥላሸት ይዞ የመርፌውን ምት ያዳክማል።

ለማሟሸት የሚመረጠው ጥይት አረሩ በመዳብ የተሸፈነና ጫፉ ክብ የሆነ፣ መደበኛ ግፊት ያለው አዲስ የፋብሪካ ጥይት ነው። በበርሜሉ ላይ የተጻፈው ልክና በጥይቱ ሣጥን ላይ ያለው አንድ መሆናቸውን ያመሳክሩ። ለ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት 115 እና 124 ግሬይን፣ ማለትም 7.5 እና 8 ግራም የሚጠጉ አረሮች ናቸው። እኔ ከባዱን እመርጣለሁ፤ ደካማ የልምምድ ጥይት ገና ያልላላውን ሞላ በበቂ ኃይል ላይገፋው ይችላል። በእጅ እንደገና የተሞላ ጥይት በዚህ ጊዜ አይጠቀሙ፤ ሽጉጡ ቢነክስ፣ ማለትም ጥይት ይዞ ቢስተጓጎል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

በተኩስ ሜዳ የጆሮና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው፤ የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል። በመጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ያጉርሱ፤ አዲሱ መሣሪያ በአንድ የምላጭ ስበት ደጋግሞ ቢተኩስ ጉዳቱ የተወሰነ ይሆናል። ሁሉም ደህና ከሆነ ካዝናውን ይሙሉ። በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ጥይት ይበቃል፤ የደከመ እጅ የሚያመጣው ስህተት የመሣሪያው ጉድለት ይመስላል።

ይህ ነጥብ ትኩረት ይሻል። ተንሸራታቹ ክፍል ሙሉ መንገዱን የሚሄደው የሽጉጡ አካል ጸንቶ ሲያዝ ነው፤ የእጅዎ አንጓ ከላላ ቀለህ ሳይወጣ ይቀራል ወይም ጥይት ይነክሳል። ስለዚህ ጥፋቱ የመሣሪያው ይሁን የአያያዝዎ ለመለየት ካዝናዎችዎን ቁጥር ይስጧቸው፤ ሽጉጡ በነከሰ ቁጥር የትኛው ካዝና፣ የትኛው ጥይትና ስንተኛው ተኩስ እንደነበረ ይመዝግቡ። ችግሩ ከአንድ ካዝና ጋር ብቻ ከመጣ ካዝናው ነው፤ ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር ብቻ ከሆነ ጥይቱ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው ሲተኩስ ከጠፋ አያያዝዎ ነው። በመጀመሪያዎቹ 50 ጥይቶች ጥቂት መስተጓጎል ቢኖር አያስደነግጥም። ከ200 በኋላ የሚደጋገም ከሆነ ግን ሽጉጡን ከነመዝገቡ ለአምራቹ ወይም ለባለሙያ ይስጡ፤ ራስዎ በሞረድ አይንኩት።

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ከከሸፈ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ደክሞ ከተሰማ ፈጽሞ አይድገሙ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጣዩ ተኩስ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ሽጉጡን ባዶ አድርገውና ፈትተው በርሜሉን ይመልከቱ።

ከተኩስ በኋላ ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅና ፊትዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የተኩስ ብናኝ እርሳስ አለበት። ሽጉጡን አጽድተው፣ ከጥይቱ ለይተው ቆልፈው ያስቀምጡ። በሚያጸዱበት ጊዜ በሚፋተጉ ቦታዎች የሚታይ የሚያብረቀርቅ መስመር የመላመድ ምልክት ነው፤ ስንጥቅ ወይም የብረት ፍቅፋቂ ግን ባለሙያ ማየት አለበት። በየአንዳንዱ ጥይት በርሜል መወልወል የሚለው ሥርዓት ከትክክለኛ ዒላማ ጠመንጃዎች የመጣ ነው፤ ለሽጉጥ አያስፈልግም።

ለመከላከያ የሚይዙት ጥይት ከልምምዱ የተለየ ከሆነ፣ በተለይም ጫፉ ጎድጓዳ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ካዝና ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሙሌት ሳይነክስ መተኮስ ይኖርበታል። በኋላም ተንሸራታቹን ክፍል ወደ ቦታው የሚመልሰውን ሞላ ሲቀይሩ ወይም አዲስ ካዝና ሲገዙ ይህንኑ የመጨረሻ ሙከራ ይድገሙት።